በሶፊያ ከተማ ፊደል የጠፋብኝ ዕለት



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሩቅ ከተማ ነው። ከተማዋ ሶፊያ ትባላለች። የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ናት። ቡልጋሪያ በአውሮፓ በስተደቡብ ምሥራቅ በኩል የምትገኝ አገር ናት። በሰሜን ሩማኒያ፣ በደቡብ ግሪክና ቱርክ ያዋስኗታል።

ወደዚያ የሄድኩት ለአጭር የተማሪዎች ስብሰባ ነው። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ወሩ ጥር ነው። በዚያ ቀን ከተማዋን በእግሬ ዞርኳት። ብዙ አየሁ። ብዙም ተማርኩ። ጥቂትም አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከመሄዴ በፊት ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። «ለ» እና «ሰ» እየተመሳሰሉባቸው ይቸገሩ ነበር። አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና፣

«እማማ፣ ይህን እኮ ትናንት ነው ያነበብነው! እንዴት ይጠፋዎታል?» አልኳቸው።

እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ስትወለድ ፊደሉን ይዘህ ነው እንዴ የወጣኸው?» አሉኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ ሶፊያ ላይ ነው።

ብርዱ

ጧት ነቅቼ ሰዓቴን ሳይ አንድ ሰዓት ሆኗል። ውጭው ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሰዓቴ የተሳሳተ መሰለኝ። ኋላ ላይ ሳይ ፀሐይ የወጣችው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የገባችው ደግሞ 11 ሰዓት እንዳለፈ ነው። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው። እዚያ ግን በብርዱ ወራት ቀኑ አጭር፣ ሌሊቱ ረጅም ነው።

እነሱ «ክረምት» የሚሉት የእኛን የዝናብ ክረምት አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የብርድ ጊዜ ነው።

ብርዱ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው እንዳትሉ፣ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ሶፊያ ግን 550 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በከፍታ ከሆነ ሶፊያ ቆላ መሆን ነበረባት። ምክንያቱ ሌላ ነው። እናንተ ጧት ሜዳ ላይ ስትወጡ ፀሐይዋ አግድም ስለምትመጣ አታቃጥልም። እኩለ ቀን ላይ ግን ከአናት ስለምትወርድ ታቃጥላለች። ሶፊያ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ በጥር ወር ፀሐይዋ ከአናት አትወጣም። በጎን ወጥታ በጎን ትገባለች። ቀኑን ሙሉ እንደ ጧት ፀሐይ ናት ማለት ነው። ብርሃን አላት፤ ሙቀት የላትም።

ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ወጣሁ። በረዶ ይወርድ ነበር። በረዶ ስላችሁ እናንተ የምታውቁት በረዶ አይደለም። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ሰብል ያጠፋል። ይህ ግን ድምፅ የለውም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዛፉም፣ ጣራውም፣ የቆመው መኪናም ነጠላ የለበሰ ይመስላል። ለገበሬያቸውም ጥቅም አለው። የቡልጋሪያ ገበሬ ስንዴውን በጥቅምት ይዘራል። ቡቃያው በረዶውን እንደ ብርድ ልብስ ለብሶ ከክፉ ውርጭ ይድናል። በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል።

ከደጃፉ ገና ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ አንሸራተተኝና ወደቅኩ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ቋንቋ አንግባባም። እግራቸውን እየጠቆሙ አካሄዱን አሳዩኝ። በበረዶ ላይ ረጅም እርምጃ አይሆንም። አጠር አጠር አድርጎ፣ ሙሉ እግርን አሳርፎ መርገጥ ነው። እንደ ሕፃን መራመድ ተማርኩ።

ማንበብ አቃተኝ

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ስለዚህ በአውሮፓ የመንገድ ጽሑፍ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን ጽሑፉ ሌላ ነው። ቡልጋሪያዎች የሚጽፉበት ፊደል ሲሪሊክ ይባላል። ሠላሳ ፊደል ነው። ግማሹን ጭራሽ አላውቀውም። አንዱ ጠረጴዛ ይመስላል። አንዱ ሸረሪት ይመስላል።

የባሰው ግን የማውቀው የመሰለኝ ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» መልካቸው ይለያያል፤ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። እዚያ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። መልኩ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ድምፁ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ «ፕ» የሚባለው እዚያ «ር» ይባላል። «ህ» የሚባለው «ን» ይባላል። «ብ» የሚመስለው ደግሞ «ቭ» ነው።

ርቦኝ ነበር። የሚበላ ፍለጋ ስሄድ አንድ ቤት ላይ ትልቅ ጽሑፍ አየሁ። እንደ እንግሊዝኛ ሳነበው «ፔክቶፓህት» ይላል። ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ይሆን እያልኩ አለፍኩት። ሌላ መንገድ ላይም «ፔክቶፓህት» አለ። እሱንም አለፍኩት። ሦስተኛም አገኘሁ። ይህ መሥሪያ ቤት ብዙ ቅርንጫፍ አለው አልኩ። ለካስ ጽሑፉ «ሬስቶራንት» ነው የሚለው! ሬስቶራንት ማለት ምግብ ቤት ማለት ነው። ሦስት ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ እየራበኝ አለፍኩ።

በመጨረሻ መንገዱን ያሳየኝ አፍንጫዬ ነው። የትኩስ ዳቦ ሽታ ተከትዬ አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። በጣቴ እየጠቆምኩ ገዛሁ። ምግቡ ባኒጻ ይባላል። ስስ ሊጥ ተደራርቦ፣ በመካከሉ እንቁላልና አይብ ገብቶ የሚጋገር ነው። ከእሱ ጋር ቦዛ የሚባል መጠጥ ይጠጣሉ። ቦዛ ከዳጉሳ ዘመድ ከሆነ እህል ወይም ከስንዴ የሚዘጋጅ፣ ወፈር ያለ፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ የሚል ነው። ቡቅሪ የጠጣ ሰው አይገርመውም።

ቦዛውን እየጠቆምኩ «ይገኛል?» በሚል ዓይን ሴትዮዋን አየኋት። እሷም ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች። የለም ያለችኝ መስሎኝ ልወጣ ስል ጠራችኝና እየሳቀች ቀዳችልኝ። በቡልጋሪያ ራስን ወደ ጎን መነቅነቅ «አዎ» ማለት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ደግሞ «አይደለም» ማለት ነው። አያችሁ፣ የሰው አንገት እንኳ በየአገሩ ንባቡ ይለያል።

ፍል ውሃው

ከዚያ ትንሽ እንደሄድኩ እንፋሎት ሲጨስ አየሁ። መሐል ከተማ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል! በአጠገቡ ያማረ የቆየ ሕንፃ አለ። በ1913 ተሠርቶ ያለቀ የሕዝብ መታጠቢያ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መታጠቢያነቱ በ1986 ቀረ። ከ2015 ጀምሮ የከተማዋ ታሪክ ሙዚየም ሆኗል።

ውሃው ግን ዛሬም በውጭ በኩል በቧንቧ ይወርዳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጠርሙስና ጀሪካን ይዘው ይቀዳሉ። ተራ ይጠብቃሉ፤ ወሬ ያወራሉ። እንደ ማንኛውም የውሃ መቅጃ ነው። እኔም ጓንቴን አውልቄ እጄን ከውሃው ሥር አደረግሁ። ከጧት ጀምሮ የደነዘዙት ጣቶቼ ነፍስ ዘሩ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ሰው በየትም አገር ሙቅ ውሃ ካገኘ ጎጆውን ከዚያ አያርቅም።

ሮማውያንም ይህንኑ ውሃ ወድደው ነው ከ1,900 ዓመት በፊት ገደማ እዚህ ከተማ የሠሩት። ሰርዲካ ይሏት ነበር። በቅርብ ጊዜ ለምድር ውስጥ ባቡር መሬት ሲቆፈር ጥንታዊው መንገድና የቤቶቹ መሠረት ወጣ። አልደፈኑትም። ሕዝቡ ወደ ባቡሩ ሲወርድ በዚያ በጥንቱ ድንጋይ በኩል ያልፋል።

ከፍል ውሃው አካባቢ በጥቂት ደቂቃ መንገድ ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ በ1909 የተከፈተ ምኩራብ፣ የኦርቶዶክስና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ከትልልቅ ሕንፃዎች ጀርባ ደግሞ ትንሽ፣ ከቀይ ሸክላ ጡብ የተሠራ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ሕንፃ ነው። ክብ ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያኖቻችን ክብ መሆኑን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ቀጥሎ ቢጫ ድንጋይ የተነጠፈበትን ሰፊ መንገድ ተከትዬ ትልቁን ካቴድራል አየሁ። አሌክሳንደር ኔቭስኪ ይባላል። ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠ ነው። ቡልጋሪያ ወደ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በኦቶማን ቱርኮች ሥር ኖራለች። ከዚያ አገዛዝ ነፃ የወጣችው በ1878 ነው። ካቴድራሉ የተሠራው በዚያ ጦርነት ለሞቱት የሩሲያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሥራው በ1882 ተጀምሮ በ1912 አለቀ። ወደ 5 ሺህ ሰው ይይዛል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ባልቴቶች ቀጫጭን ጧፍ እያበሩ በዝምታ ይቆማሉ።

ሁለቱ ወንድማማቾች

ከካቴድራሉ አልፌ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋ ደረስኩ። ፊት ለፊቱ የሁለት ሰዎች ሐውልት ቆሟል። በረዶ ትከሻቸው ላይ ተከምሯል። ነገሥታት ወይም የጦር አለቆች መሰሉኝ። ለመሞቅ ብዬ ወደ ውስጥ ስገባ እንግሊዝኛ የምትችል አንዲት ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ። ማን እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ፊደል የሰጡን ናቸው» አለችኝ።

ስማቸው ቄርሎስና ሜቶዲዮስ ነው። የተሰሎንቄ ተወላጆች ነበሩ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለስላቭ ሕዝቦች የመጀመሪያውን ፊደል ቀረጹ። በዚያ ዘመን እግዚአብሔር መመስገን ያለበት በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ቄርሎስ ይህን ተቃወመ። ሕዝብ ሁሉ በገዛ ቋንቋው መማርና መጻፍ ይገባዋል ብሎ ተከራከረ።

ሁለቱ ካረፉ በኋላ ደቀ መዛሙርታቸው ከነበሩበት አገር ተባረሩ። የቡልጋሪያ ገዥ ተቀብሎ አስጠጋቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው ብዙ ሰው አስተማሩ። ዛሬ የሚጻፍበት ሲሪሊክ የተሠራው እዚያው ቡልጋሪያ ውስጥ ነው። ስሙ ግን በመምህሩ በቄርሎስ ስም ተጠራ። ዛሬ ሩሲያን፣ ዩክሬንን፣ ሰርቢያንና ሞንጎሊያን ጨምሮ በብዙ አገር ይጻፍበታል።

በቡልጋሪያ የፊደል በዓል አለ። በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን ሥራ ይዘጋል። ልጆች አበባ ይዘው በሰልፍ ይወጣሉ። አስቡት፤ ለፊደል ተብሎ አገር ሙሉ በዓል ያከብራል!

ልጅቷ ደብተሬን ተቀብላ ሠላሳውን ፊደል ጻፈችልኝ። እሷ ድምፁን ስታሰማኝ እኔ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ ጻፍኩ። «ሽ» የሚባለው ፊደላቸው ጋ ስንደርስ ሳቅ አመለጠኝ። የእኛን ንጉሡን «ሠ» ይመስላል! ንጉሡን «ሠ» ጽፌ ባሳያት እሷም ሳቀች። «ጽ» ከሚለው ድምፅ ጋር የሚቀራረብም ፊደል አላቸው። ጭራ ያላት በርጩማ ተገልብጣ የተቀመጠች ትመስላለች።

መሸ

ስወጣ ጨልሟል። በረዶው በርትቷል። የእጅ ስልኬ ላይ የከተማው ካርታ ነበር። ነገር ግን ብርድ ባትሪ ያደክማል። ስልኩ ጠፋብኝ። ያረፍኩበት ቤት «ጻር ሲሜኦን» በሚባል መንገድ ላይ እንደሆነ ተነግሮኝ ነበር። ስሙን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አላውቀውም። ቋንቋውን እየተናገረ ፊደሉን ያልለየ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።

በመሰለኝ አቅጣጫ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሄድኩ። የእግሬ ጣቶች መኖራቸውን መለየት አቃተኝ። የማየው ሁሉ አዲስ ነው። ሰዎች ወደየቤታቸው እየተጣደፉ ያልፉኛል። ልቤ መምታት ጀመረ። በዚያ ብርድ ውጭ ማደር ማለት ሞት ነው።

አንድ ማዕዘን ላይ መብራት ሥር ቆምኩ። ደብተሬን አወጣሁ። ከግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ከደብተሬ ጋር አስተያየሁ። «ቭ... ቪ... ቪቶ...» እያልኩ ቀጠልኩ። ቀጥሎ ያቺ «ሠ» የምትመስለው ፊደል መጣች። «ቪቶሻ!» ቪቶሻ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ተራራ ነው። ቁመቱ 2,290 ሜትር ነው። መንገዱም በስሙ የተሰየመና ወደ ተራራው የሚያቀና ነው። የእኔ ማረፊያ ግን በሰሜን በኩል ነው። ለካስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር! ተራራውን ጨለማና በረዶ ሸፍኖታል። አቅጣጫውን የነገረኝ ጽሑፉ ነው።

ዞርኩና ተመለስኩ። አሁን የማገኘውን ሁሉ እያነበብኩ ነው። «ሜትሮ» ይላል፤ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። «ሰርዲካ» ይላል፤ የጥንቷ ከተማ ናት። መስጊዱን አለፍኩ። ፍል ውሃውን አለፍኩ። በየመንገዱ ማዕዘን እየቆምኩ አነበብኩ። አንዱ አይደለም። ሌላውም አይደለም። ቀጥሎ ያቺ ጭራ ያላት በርጩማ ከፊት ተቀምጣለች።

«ጽ... ጻ... ጻር። ሲ... ሲሜ... ሲሜኦን። ጻር ሲሜኦን!»

ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አንድ መንገደኛ ደንግጦ አየኝ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሲነግሩኝ እንኳ እንዲህ አልተደሰትኩም። ጻር ማለት ንጉሥ ነው። ሲሜኦን የእኛው ስምዖን ነው። ከ893 እስከ 927 ቡልጋሪያን የገዛ ንጉሥ ነው። በዘመኑ ብዙ መጻሕፍት በአገሩ ቋንቋ ተጽፈዋል፤ ተተርጉመዋል።

ቤት ገብቼ እግሬን ሳሞቅ ያቺ እናት ትዝ አሉኝ። «ለ» እና «ሰ» ሲመሳሰሉባቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ፊደል የጠፋው ሰው ሰነፍ አይደለም። ልቡም አልደነዘዘም። እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የተቸገርኩት። እሳቸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ በገበያው፣ በጤና ጣቢያው፣ በቀበሌው ጽሑፍ ፊት እንዲህ ቆመዋል። በዚያ ላይ እኔ እንደ ልጅ ገሠጽኳቸው።

አገሬ እንደተመለስኩ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የሆነውንም ሁሉ ነገርኳቸው። ፔክቶፓህቱ ላይ ሲደርስ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ፣

«ለመሆኑ ፊደላቸው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ነው፣ እማማ።»

«ሠላሳ ብቻ?» አሉ ደብተራቸውን እየገለጡ። «በሠላሳ ፊደል ነው እንዲህ የጠፋኸው? እኔ እኮ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው የምለቅመው። በል አሁን ቁጭ በል፤ ከትናንቱ እንቀጥል።»